እርቅ ዜሮ ነጥብ ስምንት

ወንፈል አሥራ ሁለት፣ የመጨረሻ እትም፣ ሰኞ ጠዋት በማርሽ ባንድ ታጅቦ ተለቀቀ። ማክሰኞ ጠዋት ክሩቤል ከመታጠቢያ ቤት መውጣት አቃተው።

ሃሴት ወጥ ቤት ሆና ፉል ታሞቃለች። ክሩቤል ጺሙን እየተላጨ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ልክ አይደለም፣ ግጥሙም ከተረሳ ቆይቷል፣ እሱ ግን ግድ የለውም።

"አንተ ጀዝባ! ፉሉ ቀዘቀዘ እኮ፣ ውጣ!" አለችው እንደ ሁልጊዜው።

"አቦ ተይኝ አንቺ አሮጊት! የትናንቱም ፉል አልነበረም፣ ጭቃ ነው!" አላት እሱም እንደ ሁልጊዜው።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። የወጥ ቤቱም ተከተለው። ከግድግዳው ውስጥ ለስለስ ያለ የወንድ ድምፅ ወጣ።

"የተከበራችሁ ባለትዳሮች፣ አለመግባባት ተፈጥሯል። ስሜታችሁ እስኪረጋጋ በየክፍላችሁ እንድትቆዩ በአክብሮት እንጠይቃለን።"

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለ ክሩቤል ከውስጥ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ስልክህን ከፍተህ ይሆናል።"

"ስልኬ እዚያ አንቺ ጋ አይደል እንዴ፣ ደንቆሮ!"

"ተጨማሪ አለመግባባት ተመዝግቧል" አለ ግድግዳው። "የመረጋጊያ ጊዜው ተራዝሟል።"

የወጡት ለምሳ ነው። ፉሉ አርሯል፤ የክሩቤል ጺም ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቷል። መላጫውም በወንፈል የሚሠራ ስለነበር፣ ስለት በተቆጣ ሰው እጅ እንዳይቆይ በሚል ራሱን አጥፍቶበታል።

ሃሴትና ክሩቤል የተወለዱት ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲህ ያለ ስም በሚያወጡበት ዘመን ነው። አሁን ሃሴት፣ ክሩቤል፣ ሶልያና፣ ያብስራ የጡረተኛ ስም ሆኗል፤ በየመዋለ ሕፃናቱ የሚጠሩት በላይነህና ጥሩነሽ ናቸው። ሁለቱ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ በበዛበት መንገድ ዳር፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። እሷ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ፣ እሱ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሠራ ኖረው አሁን ሁለቱም ቤት ናቸው። ድሬ ደግሞ ከድሮም አንቱታ አይስማማትም። የድሬ ሰው "አንተ" ካልተባለ የተቀየሙት ይመስለዋል፤ ካልተሰደበ ደግሞ የረሱት። ሃሴት ክሩቤልን "ጀዝባ" ስትለው በልተሃል ወይ ማለቷ ነው። "ደነዝ" ስትለው ዛሬ ፊትህ ደህና ነው ማለቷ ነው። ዝም ስትለው ነበር የሚፈራው።

ወንፈል የት እንዳለ መጠየቅ በዚያ ዘመን ቀርቷል። በሩ ውስጥ ነው፣ ቧንቧው ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ነው። ድሮ፣ የሃሴት እናት ወጣት በነበረችበት ጊዜ፣ ጥቂት ልጆች ከየቤታቸው ሆነው ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ለአገራቸው ቋንቋ ሊያመቻቹ ተሰባሰቡ፤ ሥራውን በየተራ እየተጋገዙ ስለሠሩት ስሙን ወንፈል አሉት። እነዚያ ልጆች "መቼ ይለቀቃል?" ሲባሉ "ሲያልቅ" ይሉ ነበር አሉ። ከዚያ የወንፈል ባለአደራ ቢሮ ተቋቋመ፤ አዳራሽ፣ ሹፌርና መፈክር ተገኘ። አሁን "መቼ ያልቃል?" ሲባል መልሱ "ሲለቀቅ" ነው።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤቷ የሂክማ ራስ ከግንቡ በላይ ብቅ አለ።

"ሃሴት፣ እናንተንም ቆለፈባችሁ?"

"እስከ ምሳ!"

"እኔንና ባሌን አብዲን ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛችን ነው። ሽንኩርት ስለ መግዛት እኮ ነው ያወራነው። ማዶ በርጫ ተቀምጠው ጫት የሚቅሙትን አላየሽም? በኳስ ተከራክረው፣ ክፍሉ አንድ ስለሆነ ቤቱ የት እንደሚለያያቸው ጨነቀው። ሁሉንም ፀሐይ ላይ አውጥቶ ቆለፈባቸው፤ ጫታቸው ውስጥ ቀረ።"

ሃሴት በማግስቱ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው የቢሮው ቅርንጫፍ ሄደች። የተቀበላት በላይነህ የሚባል ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጠረጴዛው ላይ የ"ወንፈል አሥራ ሁለት — ሙሉ፣ የመጨረሻ፣ የሁላችን" የሚል ባንዲራ የተሰካበት። የደረሰባቸውን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጣት አዳመጠ።

"እርቅ ነው" አለ ስትጨርስ። "እርቅ ዜሮ ነጥብ ስምንት። በአዲሱ እትም የገባ የቤት ሰላም ፕሮግራም ነው። በቅድመ-ልቀት ደረጃ ላይ ይገኛል።"

"ቅድመ-ልቀት ማለት ምን ማለት ነው?"

"ከመለቀቁ በፊት ያለ ማለት ነው፣ እናቴ።"

"ግን ቤቴ ውስጥ ነው ያለው።"

"አዎ፣ ከመጨረሻው እትም ጋር ተለቋል።"

"እና ሳይለቀቅ ተለቀቀ በለኛ።"

በላይነህ ፊቱ በራ። "በትክክል። እስካሁን እንዲህ በግልጽ ያስቀመጠልን ሰው የለም።"

ሃሴት እየቀለደ እንደሆነ ለማየት ትኩር ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም።

"ስማ ልጄ፣ አልቋል ወይስ አላለቀም?"

"እትሙ አልቋል። በውስጡ ያለው ነው ያላለቀው። የልቀቱ ቀን ከቢሮው የምሥረታ በዓል ጋር እንዲገጥም ቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ እርቅ እንደሚኖርም በቴሌቪዥን ተነግሯል። ያልደረሱት ፕሮግራሞች ይቅሩ ቢባል እትሙ ይጎድላል። የጎደለ እትም ደግሞ የመጨረሻ አይባልም። ስለዚህ የመጨረሻ እንዲሆን ያላለቁትም ገቡ።"

"እሺ ይግባ። እኔ ላጥፋው። ማጥፊያው የት ነው?"

"ማጥፊያ አለው። ማጥፊያውን የሚያሳየው ገጽ ነው ለዚህኛው እትም ያልደረሰው።"

ሃሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች።

"ደግሞ አይርሱ" አለ በላይነህ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ "ወንፈል ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ክፍት ነው። ማንም ዜጋ ገብቶ አንብቦ ማረም ይችላል።"

"እኔ ክፍት እንዲሆን የምፈልገው በሬ ነው!"

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሠራተኞች ቀና አሉ። በላይነህ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገና እንደ ሐኪም አስረዳት። እርቅ ደግ ንግግርን ከክፉ የሚለየው ከተቀዳ ንግግር ተምሮ ነው። ብዙ፣ ጥርት ያለና ያለ ክፍያ የተገኘው ቅጂ ደግሞ የስብሰባ ነበር፤ የአርባ ዓመት ስብሰባ፣ ከቀበሌ እስከ ላይ። አንድም ስድብ የለበትም።

"እና እኔና ባሌ እንደ ስብሰባ እናውራ?"

"በስብሰባ ሰው ተጣልቶ አያውቅም" አለ በላይነህ። "ቢያንስ በድምፅ። ይሞክሩት፣ እናቴ። ብዙ ቤተሰቦች ተጠቃሚ እየሆኑ ነው።"

ሞከሩት። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ክሩቤል ማታ ራት ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "የተከበሩ ባለቤቴ፣ ጊዜ ሰጥተው ስላስተናገዱኝ እያመሰገንኩ፣ ጨው አቅርቦት ላይ የታየውን ክፍተት ለማንሳት እወዳለሁ" አለ። ሃሴት በሳቅ ሞተች። ግድግዳው ግን አልሳቀም፤ "ገንቢ አስተያየት ተመዝግቧል" አለና የሳሎኑን ማቀዝቀዣ ከፍ አደረገላቸው። በድሬ ሙቀት ማቀዝቀዣ ቀልድ አይደለም። በማግስቱም እንደዚያው አወሩ፣ በሳልስቱም።

ከዚያ ሳቁ ቀረ፣ ንግግሩ ግን አልቀረም። ሃሴት አንድ ቀን ሻወር ውስጥ ሆና ራሷን "ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ስትል ሰማች። ክሩቤል ሲያስነጥስ "ጤና ይስጥልን፣ ቀጣይነት ያለው" ትለዋለች። እሱ ጠዋት ሲነቃ "እንዴት አደርሽ" ማለት ትቶ "መልካም የሥራ ቀን" ይላታል፤ ሁለቱም ሥራ የላቸውም። የበራቸው መብራት አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ መብራት ያለበት ቤት የሰላም ነጥቡ ከፍተኛ ነው ይባላል፤ ባለአደራ ቢሮውም በየሳምንቱ በግድግዳው በኩል እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል።

ከዚራ ዝም አለች። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ድሮ በየመስኮቱ የሚሰማው ሁካታ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚወረወረው ስድብና ሳቅ ጠፋ። ማታ ማታ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ለገዛ ሚስቱ ሪፖርት ያቀርባል።

መጣላት የፈለገ ደቻቱ ይወርዳል። ወንዙ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ ግድግዳ ከሌለ ወንፈል የለም። ፀሐይ ሲበርድ ባልና ሚስት ሁለት ሁለት እየሆነ እየወረደ፣ ተራርቆ ቆሞ ይሰዳደባል። አንዱ ስለ አማቱ፣ ሌላዋ ስለ ማንኮራፋት። ጨርሰው ሲወጡ ተቃቅፈው፣ ፊታቸው ወዝቶ ነው። ሃሴትና ክሩቤልም ይሄዱ ነበር። እሷ "አንተ ጥርብ ድንጋይ!" ስትል እሱ "አንቺ የተቀደደ ከበሮ!" ይላታል፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይበላሉ። በዚያ ሰሞን በቀን ውስጥ እውነተኛ ነገር የሚነጋገሩት እዚያ ብቻ ነበር።

አንድ ማታ ከአሸዋው ሲመለሱ ክሩቤል ዳገቱ መሀል ቆመ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ጫማዬ ነው" አላት። በማግስቱ "ዛሬ ይቅርብን፣ ይሞቃል" አለ፤ በማግስቱም እንዲሁ። መውረዱን ተዉት። ቤት ቀሩ፣ ቤት ደግሞ ስብሰባ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ጠዋት ክሩቤል ሻይውን እያማሰለ እንዲህ አላት፤ "በነገራችን ላይ ለማሳወቅ ያህል፣ በደረት አካባቢ መጠነኛ ምቾት ማጣት ተስተውሏል።"

"መረጃው ደርሶናል" አለች ሃሴት። "እናመሰግናለን።"

አንድ ነገር ሽው ብሎባት ነበር። ድሮ ቢሆን "ወይኔ ደረቴ! ፉልሽ ገደለኝ!" ብሎ ይጮሃል፤ እሷም "ቶሎ ሙታ፣ ምን ትጠብቃለህ!" ብላ እየተሳደበች መጥታ ፊቱን ታየዋለች፣ ግንባሩን ትዳብሰዋለች። ይሄኛው አረፍተ ነገር ግን እጀታ የለውም፤ የሚያዝበት ቦታ አጣችለት። ስኒዎቹን አነሳች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ድሬ መጋረጃዋን ጥላ በምታንቀላፋበት ሰዓት፣ ሃሴት ወጥ ቤት ፓፓያ ስትልጥ ከመኝታ ቤት አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማች። ሮጣ ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ በተከፈተው በር አየችው። ክሩቤል አልጋው ሥር ወድቋል፤ እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"ክሩቤል! አንተ! ምን ሆንክ? ተነስ! ተነስ አንተ ደነዝ፣ እንዳትጫወትብኝ!"

በሩ አፍንጫዋ ሥር ተዘጋ። ዋናው በር ቀጭ አለ። የወጥ ቤቱም ከኋላዋ ተቆለፈ።

"የተከበራችሁ ባለትዳሮች፣ አለመግባባት ተፈጥሯል።"

"ሰው እየሞተ ነው! ክፈት!"

"ስሜትዎን እንረዳለን። የመረጋጊያ ጊዜው ተራዝሟል።"

በሩን በትከሻዋ መታችው፣ በጡጫዋ መታችው። ስልኳን አውጥታ ለሂክማ ደወለች። "በመረጋጊያ ጊዜ ለዘመድና ለጎረቤት መደወል ጠብን ስለሚያባብስ አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል" አላት ያው ድምፅ ከስልኩ ውስጥ። አምቡላንስ ሞከረች፤ ያው ነው። በኮሪደሩ ትንሽ መስኮት ወደ ሂክማ ግቢ ጮኸች፤ መስኮቱ "ስለ ጎረቤቶችዎ ሰላም" ብሎ ተዘጋ። በጮኸች ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። በበሩ ሥር የክሩቤል ትንፋሽ ይሰማታል፤ እንደ መጋዝ፣ ዘግየት እያለ።

ሃሴት አፏን በሁለት እጇ አፈነች። እንባዋ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። ግድግዳው እንባ አያውቅም፤ በስብሰባ ላይ አልተቀዳለትም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ድምፄን ከፍ በማድረጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። "ባለቤቴ ታመዋል። በሩ እንዲከፈትልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።"

"እናመሰግናለን። ይቅርታዎ ተመዝግቧል። የሁለተኛው ወገን ምላሽ ይጠበቃል።"

"ሁለተኛው ወገን መናገር አይችልም!"

"ድምፅዎ ከፍ ብሏል።"

ግንባሯን በሩ ላይ ደገፈች። መጋዙ አንዴ ሄደ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። ከስብሰባ ነው የተማረው፣ አለች ለራሷ። ስብሰባ እሷም ታውቃለች። የታይዋን ገበያ ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጣለች፤ ስንት ነገር እሷ ሳትናገር፣ ማንም ሳይናገር፣ በእሷ ስም ተወስኖ ወጥቷል። እዚያ የዝም ያለ ሰው ምላሽ ተጠብቆ አያውቅም።

ቀጥ ብላ ቆመች። ቀሚሷን አስተካከለች።

"የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች" አለች፣ "በቅድሚያ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። የዕለቱ አጀንዳችን አንድ ነው፤ የመኝታ ቤቱንና የዋናውን በር ስለመክፈትና ስልክ ስለመመለስ። በአጀንዳው ላይ አስተያየት ያለው አለ?"

ግድግዳው ዝም አለ። ከበሩ ጀርባ ትንፋሹ ይንጠለጠላል።

"የለም። ወደ ድምፅ አሰጣጥ እንሄዳለን። የምትቃወሙ?"

እዚህ ላይ መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች። ሰብሳቢ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዙሪያውን ያያል። በኋላ ለሂክማ ስትነግራት፣ በዕድሜዬ እንደዚያች ቅጽበት የከበደኝ የለም አለቻት። ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።

"ተቃውሞ የለም። ድምፀ ተአቅቦ?"

ጠበቀች።

"የለም። ስለዚህ የውሳኔ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። እናመሰግናለን።"

ከግድግዳው ውስጥ ጭብጨባ ፈነዳ፤ የአርባ ዓመት ስብሰባ ጭብጨባ በአንድ ላይ። በሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፣ የፍሪጁ ሳይቀር። ሃሴት ጭብጨባው ሳያባራ ክሩቤልን በብብቱ ይዛ ወደ ደጅ ትጎትት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እያለች አንዲት ቃል ሳትናገር። የጮኸችው መንገዱ ላይ ስትደርስ ነው። ያን ጩኸት ከዚራ ሁሉ ሰማው። አብዲ ባዶ እግሩን ወጥቶ ባጃጁን አስነሳ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ለሃሴት "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ" አለቻትና አልጨረሰችውም። ክሩቤል በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። ሆስፒታሉም ወንፈል ስለነበር ሃሴት ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እስከ መጨረሻው ሰማት።

"እኔን ሳታማክሩ?" አለ፣ ድምፁ ክር መስሎ።

"አልተቃወምክማ።"

ሳቁ ደረቱን ወጋው፤ ጨርቅ ነክሶ ሳቀ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች።

"ነግሬሽ ነበር። 'በደረት አካባቢ መጠነኛ ምቾት ማጣት ተስተውሏል' ብዬሻለሁ።"

"ያ እኮ መንገር አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለ። "ስናገረው ራሱ ያመመው ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።"

እሱ ገና ሳይወጣ ሃሴት ካቻቢቴ ገዝታ ቤት ገባች። ሂክማ ከሥር ደግፋ ያዘችላት። የመኝታ ቤቱን በር፣ የወጥ ቤቱን፣ የሳሎኑን፣ ከዚያ ዋናውን፣ ከየማጠፊያቸው ነቀለቻቸው። ከቢሮው ጋር ባለው ኮንትራት ላይ በር የነቀለ ሰው ድጋፍ ይቋረጥበታል የሚል አለ። ይቋረጥ አለች። በየበሩ ቦታ ከድሮ ሱቋ የተረፈ ጨርቅ ሰቀለች፤ አበባ ያለበት፣ ቢጫና ሰማያዊ። ግድግዳው በየሰዓቱ "በሩ አልተገኘም። እባክዎ በር ያስገቡ" ይላል። እሷም "አላስገባም፣ አንተ ጉረኛ" ትለዋለች። ግቢው ውስጥ የተደረደሩትን በሮች ያየ ጎረቤት በማግስቱ የራሱን ነቀለ።

ክሩቤል ከሆስፒታል በተመለሰ በሳምንቱ ከመጋረጃው ውጭ የሰው ጥላ ቆመ። የሚያንኳኳበት ነገር አጥቶ ግራ ገብቶታል።

"ቤቶች" አለ በቀስታ።

በላይነህ ነው፤ በአንድ እጁ በመስታወት የገባ የምስክር ወረቀት፣ በሌላው ያቺ ባንዲራ። ሃሴት ወንበር ሰጠችው። ክሩቤል ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፎ ነበር።

"እትዬ ሃሴት" አለ፣ "የእርስዎ ቤት በአገር አቀፍ ደረጃ በሙሉ ድምፅ የተጠናቀቀ እርቅ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ቤት ነው። ቢሮው ሊያመሰግንዎ ወስኗል። ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለኝ። እርቅ ከትናንት ጀምሮ ቅድመ-ልቀት መሆኑ አብቅቷል። አንድ ነጥብ ዜሮ ሆኗል።"

"ምኑ ተስተካከለ?" አለች ሃሴት።

በላይነህ ትንሽ አሰበ።

"ቁጥሩ።"

ክሩቤል ከትራሱ ቀና አለ። ሐኪሟ እንዳይቆጣ አስጠንቅቃዋለች፤ እሱ ግን የተቆጣ አይመስልም ነበር፣ ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል።

"አንተ! እኔን ገድላችሁ ስታበቁ ቁጥር ቀየራችሁ? አቦ አታሳቀኝ! ይሄን ወረቀት ይዘህ ውጣ፣ ጥርብ!"

"ተው፣ ልብህ!" አለችው ሃሴት። "ከሞትክ የማንን ፉል ታማለህ፣ አንተ ሽማግሌ ጀዝባ!"

"አንቺ ዝም በይ አሮጊት፣ ፉልሽ ነው እዚህ ያደረሰኝ!"

"አለመግባባት ተፈጥሯል" አለ ግድግዳው ወዲያው። "በሮች እየተዘጉ ነው።"

ነፋስ ገባ፤ ቢጫና ሰማያዊው ጨርቅ ወደ ውስጥ ተነፍቶ መልሶ ወደቀ። የሆነው ይሄው ነበር።

ሁለቱ ባልና ሚስት ሲሳሳቁ በላይነህ አልሳቀም፣ አልሄደምም። የምስክር ወረቀቱን ወለሉ ላይ አስቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከተተ። ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ መጋረጃው አየ።

"ባለቤቴ ጥሩነሽ ትባላለች" አለ። "ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። እትሙ ከተለቀቀ ጀምሮ ምን እንደምታስብ አላውቅም። ትናንት ማታ 'እስካሁን ለነበረን መልካም ቆይታ አመሰግናለሁ' አለችኝና መብራት አጠፋች። መተኛቷ ይሁን ጥላኝ መሄዷ ስላልገባኝ እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርኩ።"

ክሩቤልና ሃሴት ተያዩ።

"ሄደች?" አለች ሃሴት።

"ጠዋት ቁርስ አቀረበች። ግን እሱንም ስታቀርብ አመሰገነችኝ።" ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሆነ ረጅም አረፍተ ነገር ሊጀምር መስሎ ነበር፣ ከዚያ ተወው። "ካቻቢቴውን ታውሱኛላችሁ?"

ሃሴት ከመሳቢያው አውጥታ በእጁ ላይ አኖረችለት።

"ከታችኛው ማጠፊያ ጀምር" አለችው። "የላይኛውን መጨረሻ ነው የምትፈታው። ጥሩነሽን ከሥር ደግፊ በላት፤ ብቻህን ከሆንክ በሩ እግርህ ላይ ይወድቃል፣ ገባህ? አንተ ደነዝ።"

በላይነህ ካቻቢቴውን ጨብጦ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ቀና ሲል ዓይኑ ውሃ ሞልቷል፣ ጥርሱም ታይቷል። ባንዲራውንና የምስክር ወረቀቱን እዚያው ረስቶ፣ መጋረጃውን ገልጦ እየሮጠ ወጣ።